ሥዕል ያብራራሉ እንጂ አይስሉም

ሥነ ጥበብን እጠላለሁ የሚል ኃላፊ አታገኙም። ሁሉም ይወዳታል። በስብሰባ መክፈቻ ላይ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲመጣ ግን ሒሳብ ቀድሟታል፣ ሳይንስ ቀድሟታል፣ ቋንቋም ቀድሟታል። የሚተርፋት የሳምንቱ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ነው። እሱንም ቢሆን የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ ካልጨረሰ ይወስደዋል። ለመሆኑ የሥዕል መምህር ሒሳብ ክፍል ገብቶ "ይቅርታ፣ ጥላ አጣጣል ስላልጨረስን ነው" ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሥርዓተ ትምህርት ይቀረጽ ሲባል ኮሚቴ ይቋቋማል። የመጀመሪያው ንትርክ የትኛው ጥበብ ይግባ የሚለው ነው። አውስትራሊያ አምስት አስገብታለች፤ ዳንስ፣ ድራማ፣ የሚዲያ ጥበብ፣ ሙዚቃና ምስላዊ ጥበብ። አሜሪካኖችም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ሀገራዊ መለኪያ እነዚሁኑ አምስቱን ይዘዋል። ኮሚቴው ይህን ሲሰማ ከጠብ ይገላገልና አምስቱንም በጭብጨባ ያጸድቃል። ከዚያ አንዱ ክፉ ሰው "አስተማሪውስ?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ከተመከረ በኋላ አምስቱን አንድ ሰው እንዲያስተምር ይወሰናል። እሱም የጂኦግራፊ መምህሩ ነው። ካርታ ይስላል አይደል?

መግቢያው ቶሎ ይጻፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሊዝበን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ሴኡል ላይ ዩኔስኮ ስለ ጥበብ ትምህርት ጉባኤ አድርጓል፤ ሁለቱን መጥቀስ ሁለት ገጽ ይሞላል።

ዋናው ጣጣ ያለው ዓላማዎቹ ላይ ነው። ዓላማ መለካት አለበት። ስለዚህ ተማሪው "ይዘረዝራል"፣ "ይለያል"፣ "ያነጻጽራል"፣ በተለይ ደግሞ "ያብራራል"። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ብሉምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት የትምህርት ዓላማዎች ደረጃ በ2001 ሲከለስ መፍጠር ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። ኮሚቴው ይህን ያውቃል። የደረጃዎቹን ፒራሚድ በፓወር ፖይንት አሳምሮ ያሳያል። መፍጠርም እዚያው ጫፍ ላይ እንደተሰቀለ ይቀራል። ወዶ አይደለም። "ይስላል" ተብሎ ከተጻፈ ቀለም ሊገዛ ነው፣ ብሩሽ ሊገዛ ነው፣ በቀለም የተበላሸ ወንበር ሊታጠብ ነው። "ያብራራል" ግን ምንም ወጪ የለውም።

አንዲት አባል ይህን ታዝባ "እሺ፣ ቢያንስ ይዝፈኑ፤ ጉሮሮ አይገዛም" ትላለች። እውነቷን ነው። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዞልታን ኮዳይ የሙዚቃ ትምህርትን የመሠረተው በልጆች ድምፅ ላይ ነበር። በእሱ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1950 ኬችኬሜት በምትባል ከተማ በተከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች በየቀኑ ይዘምሩ ነበር። ሰብሳቢው በጥሞና ያዳምጣሉ። "ግሩም ሐሳብ ነው" ይላሉ። "አባሪው ላይ ይግባ።" አባሪ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ፈተና ይመጣል። "ቀይና ቢጫ ሲቀላቀሉ ምን ይሰጣሉ? ሀ) አረንጓዴ ለ) ብርቱካናማ ሐ) ሐምራዊ መ) መልሱ የለም።" ቀለም በእጁ ነክቶ የማያውቀው ልጅ "ለ"ን አክብቦ ያልፋል። ቤቱ ውስጥ ቀለም ሲያቦካ የከረመው ልጅ ግን ይቸገራል። ቀይዋ ከበዛች ያው ቀይ እንደምትሆን አይቷል። ጠርዙ ላይ "እንደ መጠኑ ነው" ብሎ ይጽፋል። ዜሮ።

የመጨረሻው ጥያቄ ከፍተኛ ነጥብ የተሰጠው ነው። "ከታች ካሉት አራት ሥዕሎች በሞቃት ቀለም የተሠራው የቱ ነው?" ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ አራቱም ግራጫ ናቸው። ፈታኙ ለማብራሪያ ቢጠራ እሱም አገላብጦ አይቶ "የተማራችሁትን አስታውሱ" ብሎ ሄደ። ክፍሉ በሙሉ "ሐ" አለ። ውጤቱ ሲገለጽ መቶ በመቶ አልፈዋል፤ ኮሚቴውም የሥርዓተ ትምህርቱን ስኬት ለመገምገም ሌላ ዐውደ ጥናት ጠራ።