«ምርመራው ምንም አላሳየም» መልስ አይደለም

ለወራት የወገብ ወይም የነርቭ ሕመም ይዞት ሐኪም ዘንድ ለሚመላለስ ሰው «ምርመራው ምንም አላሳየም» የሚለውን ያህል ቅስም የሚሰብር ንግግር የለም። ራጁ ደህና ነው፣ የደም ምርመራው ደህና ነው፣ ኤምአርአዩም ደህና ነው። ደስ ሊያሰኝ የሚገባው ወሬ ለታማሚው ክስ ሆኖ ይሰማዋል፤ «አጋነንከው» ወይም «ሐሳብ አብዝተህ ነው» እንደተባለ ይቆጥረዋል። እየቆየ ቤተሰቡም ይጠራጠረዋል፤ በመጨረሻ ራሱም ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ይህ አነጋገር ከምርመራ ክፍል መውጣት አለበት ባይ ነኝ። አቋሜን ከሁሉ በላይ ያጠነከረልኝ ደግሞ የሕመም ሐኪም ሳይሆኑ የምግብ ፍላጎትን ሲያጠኑ የኖሩ አንድ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ሥራ ነው።

ኒኮላስ ቤትሊ ይባላሉ፤ በአሜሪካ ፊላደልፊያ በሚገኘው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፣ ይመራመራሉ። ሥራቸው የሚያጠነጥነው ኤጂአርፒ በሚባሉ የነርቭ ሴሎች ላይ ነው። ሴሎቹ ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል የታችኛው ክፍል ውስጥ ይገኛሉ፤ ሰውነት ጉልበት ሲያጥረው ይነቃሉ። የጠገበች አይጥ እነዚህ ሴሎች በብርሃን ሲቀሰቀሱባት በደቂቃዎች ውስጥ መብላት እንደምትጀምር እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ሴሎቹ የጠፉባቸው አዋቂ አይጦች ምግብ አጠገባቸው እያለ መብላት ትተው ለረሃብ ተዳርገዋል። እንግዲህ ረሃብ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ የራሱ ባለሙያዎች አሉት።

የቤትሊና የባልደረቦቻቸው ጥያቄ ከዚህ የተነሣ ነበር። እንስሳ የራበውም የቆሰለውም ከሆነ የትኛውን ያስቀድማል? ቁስሉን እያስታመመ ጉድጓዱ ውስጥ ቢተኛ በረሃብ ያልቃል። ምግብ ፍለጋ ቢወጣ ደግሞ የተጎዳ አካሉን ማንቀሳቀስ ግድ ይለዋል። እነዚህን ሁለት ጩኸቶች አንጎል እንዴት ያስታርቃቸዋል?

መልሱ ሴል በተሰኘው የምርምር መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። የጥናቱ ቀዳሚ ጸሐፊ በወቅቱ በቤትሊ ቤተ ሙከራ ይሠሩ የነበሩት አምበር አልሃዴፍ ናቸው። ሙከራው ቀላል በመሆኑ ቀረብ ብሎ ማየት ይቻላል። አይጧ የኋላ እግሯ መዳፍ ላይ ፎርማሊን የተባለ የሚያቃጥል ኬሚካል በጥቂቱ ትወጋለች። ወዲያው መዳፏን መላስና ማራገፍ ትጀምራለች፤ ይህ የመጀመሪያው የሕመም ማዕበል ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይበርዳል። ከዚያ ጋብ ይልና ሁለተኛው ይመጣል፤ አካባቢው ይቆጣል፣ አይጧም ያንን እግሯን ለብዙ ደቂቃ ደጋግማ ትልሳለች። አንድ ቀን ሙሉ ምግብ ያልቀመሰችው አይጥ የመጀመሪያውን ማዕበል እንደማንኛዋም አይጥ ትሰማዋለች። ሁለተኛው ሲመጣ ግን መዳፏን እምብዛም ሳትልስ ታልፈዋለች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ረሃብ ሕመምን በጅምላ አላደነዘዘም። የሚያቃጥል ነገር ሲነካት የራባትም አይጥ እግሯን ትሰበስባለች። «ተጠንቀቅ» የሚለው አጣዳፊ ሕመም በቦታው አለ፤ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ሲነዘንዝ የሚቆየው ሕመም ብቻ ዝም ብሏል። ይህም ሁለቱ ሕመሞች በአንጎል ውስጥ እስከ መጨረሻው አንድ መንገድ እንደማይከተሉ ያስረዳል። አንዱን ሳይነኩ ሌላውን ማብረድ ይቻላል፤ ያውም ተፈጥሮ ራሷ የምታደርገው ነገር ነው።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አላቆሙም። የኤጂአርፒ ሴሎች ወደ ተለያዩ የአንጎል ክፍሎች ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱን ቅርንጫፍ ለየብቻ ቀሰቀሱት። ሕመሙን ያበረደው ወደ አንጎል ግንድ፣ ፓራብራኪያል ኒውክሊየስ ወደሚባል ትንሽ ስፍራ የሚወርደው ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ወደዚያ የሚዘረጉት ሴሎች 300 ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህን መቀስቀስ የጠገበችን አይጥ ሕመም የማስታገሻ መድኃኒት የሚያበርደውን ያህል አበረደላት። መልእክቱን የሚያደርሰው ኒውሮፔፕታይድ ዋይ የተባለ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ የሚቀበለውም ዋይ 1 የሚባል ተቀባይ ነው።

ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ ለእኔ ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የዋይ 1 ተቀባይ ያላቸው የፓራብራኪያል ሴሎች ሕመሙ ሲዘልቅ ያለ ዕረፍት ሲሠሩ ታዩ። አይጧን የሚነካት፣ የሚያሳምማት አዲስ ነገር ባይኖርም ሴሎቹ ሥራቸውን አያቆሙም። ረሃብ ብቻ ሳይሆን ጥማትና ፍርሃትም ሲበረቱ ይህን ዘላቂ ሕመም ያበርዱታል። በሌላ አነጋገር፣ በአይጥ አንጎል ውስጥ «ገና ያመኛል» የሚለው ነገር በሴሎች እንቅስቃሴ የሚታይና የሚለካ ሆኗል።

ራጅ አጥንትን ያሳያል፤ የነርቭ ሴል ሲሠራ አያሳይም። ስለዚህ ራጁ ባዶ ሆነ ማለት ሕመሙ ባዶ ነው ማለት ሊሆን አይችልም። የቁስልና የሕመም መጠን አብሮ እንደማይሄድ ከታወቀም ቆይቷል። ሄንሪ ቢቸር የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ማስታገሻ አለመፈለጋቸውን እ.ኤ.አ. በ1946 ጽፈዋል። ከባድ ቁስል ያለ ብዙ ሕመም ሊኖር ከቻለ፣ ከባድ ሕመምም ያለ ቁስል ቢኖር ለምን እንገረማለን? የሚያሳዝነኝ፣ የጀግናውን ወታደር ታሪክ በአድናቆት የምንቀበለውን ያህል የታማሚውን ቃል ለመቀበል ዳተኞች መሆናችን ነው።

ይህ ምርምር በተነገረ ቁጥር ግን «መራብ ሕመም ያድናል» የሚል ምክር ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሕመም የቆየበት ሰው ብዙ ጊዜ እንቅልፉም ምግቡም ተዛብቶበታል፤ እሱን አስርቦ ማዳከም ሕክምና ሊባል አይችልም። የጥናቱ ተስፋ ረሃቡን ሳያመጡ የረሃብን መንገድ መጠቀም ነው። እሱም ቢሆን ቅርብ አይደለም። የታየው በአይጥ ነው። ከዚህም በላይ ኒውሮፔፕታይድ ዋይ አንጎል ውስጥ ሲገባ እንስሳን ከልክ በላይ የሚያስበላ፣ በደም ግፊትም ላይ እጁ ያለበት ንጥረ ነገር ነው። መላ ሰውነት የሚደርስ መድኃኒት ከሱ መሥራት ከባድ ነው፤ ለዚያች ትንሽ ስፍራ ብቻ የሚደርስ ነገር መፈለግ ይኖርበታል።

ቢሆንም ፍለጋው የግድ ነው። በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ እንይ። ኦፒዮይድ የሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች ሱስ ያስይዛሉ፣ አተነፋፈስን ያዳክማሉ፤ በአሜሪካ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚህ ዓይነት ንጥረ ነገር ጋር በተያያዘ፣ በሕገ ወጥ መንገድ የሚመረተውን ፈንታኒል ጨምሮ፣ 80,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 በዚያው አገር የተፈቀደው ሱዜትሪጂን የኦፒዮይድ ዘር ያልሆነ አዲስ መድኃኒት በመሆኑ በደስታ ተቀብለነዋል። ነገር ግን የተፈቀደው ለአጣዳፊ ሕመም ነው። ለዓመታት የታመመው ሰው አሁንም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ለምርምር ገንዘብ የሚመድቡ ሰዎች አንድ ነገር ቢያስተውሉ እወዳለሁ። ቤትሊና አልሃዴፍ የሕመምን መንገድ ያገኙት አይጥ ለምን ትበላለች ብለው ሲጠይቁ ነው። የአመልካቹ ሁሉ ዕቅድ «ይህን መድኃኒት በዚህ ዓመት አወጣለሁ» ከሚል ተስፋ መጀመር አለበት ከተባለ፣ ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀር ነበር።

ሐኪሞች ግን መድኃኒቱ እስኪመጣ የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ፣ ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ ሕመም ሌላ በሽታ መንስኤው ሆኖ ባይገኝ እንኳ ራሱን ችሎ እንደ በሽታ ተመዝግቧል። መለያ ቁጥርም አለው። «ምርመራው ምንም አላሳየም» ብሎ ካርዱን ከመዝጋት ይልቅ ያንን ስም መጻፍ፣ አንጎል ሕመምን እንዴት እንደሚያቆይ ለታማሚው ማስረዳት፣ እንቅልፉን፣ እንቅስቃሴውንና ምግቡን የሚመለከት የሕክምና ዕቅድ አውጥቶ ለክትትል ቀጠሮ መስጠት ዛሬ የሚቻል ነገር ነው።