መጨረሻውን አትንገሩኝ አልኩ እኮ!

ሰሞኑን ፌስቡኩ ሁሉ «የክረምቱ ምርጦቼ» ሆኗል። አንዱ ያየውን ድራማ ይደረድራል። ሌላዋ ያነበበችውን መጽሐፍ ከቡና ስኒ ጋር ፎቶ አንስታ ትለጥፋለች። የሰማውን ዘፈን ሁሉ ደረጃ እየሰጠ የሚያወጣም አለ። ደስ ይላል፣ አልተቃወምኩም። እኔም የራሴን ልጽፍ ቁጭ ብዬ ነበር። የምጽፈው አጣሁ። ያየሁት ነገር የለማ! ሁሉንም ሰው ነው የነገረኝ። ድራማውን ጎረቤቴ እትዬ ነገሩኝ። ኳሱን የማዶ ቤት ጩኸት ነገረኝ። የልብወለዱን መጨረሻ ደግሞ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ሰውዬ ነገረኝ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ዓመቱን ሙሉ ክረምትን ሲጠብቅ ነው የሚከርመው። ሐምሌ ሲገባ ቀይ እስክሪብቶው ይቀመጣል፣ ጋቢው ይወጣል፣ ቆሎ ይቆላል። ከዚያ ወዲያ ከማንም የምፈልገው ነገር የለም። አንድ ድራማ፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ወፍራም ልብወለድ። በቃ። ይሄ ትልቅ ምኞት ነው? አይደለም።

የማርቆስን ክረምት የማያውቅ ሰው ግን ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ በጮቄ በኩል ይጠቁራል። ነፋሱ ይቀድማል። ከዚያ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይልና ይሄዳል። ሳይሄድ ከቀረ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የቤቴ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። ዝናቡ ሲለቀው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፣ አንዲት ቃል አይሰማም። ድምፁን እስከ ጥግ ጨምሬ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ተንበርክኬ፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ ነው ድራማ የማየው። እንደዚያ ሆኜ ምስሉ አይታየኝም። ቀና ብዬ ምስሉን ሳይ ድምፁ የለም። ልጅቷ ታለቅሳለች። ለምን? አላውቅም። ሰውዬው ወረቀት ይሰጣታል። አንገቷን ትነቀንቃለች። እሺ ነው እምቢ? እሱንም አላውቅም። በመጨረሻ ዝናቡ ያባራል። እፎይ ብዬ ወንበሬ ላይ ስመለስ፣ ድርግም! ዝናብ ካለ ድምፅ የለም፣ ዝናብ ካቆመ መብራት የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ። ጎጃምን አባይ በሦስት በኩል ዞሯታል። ከላይ ጣና አለላት። ከጣና የሚጠለፈው ውኃ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሕዳሴው ተመረቀ፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ኮርቻለሁ፣ በዚህ ቀልድ አላውቅም። ምረቃውን ግን በስልክ ነው የሰማሁት። ቤት ውስጥ መብራት አልነበረም። ነገሩ የውኃ እንዳልሆነ ይገባኛል። ውኃማ ክረምት ነው፣ ሞልቷል። ጣጣው ሁሉ ኃይሉ ከመነጨ በኋላ፣ ወደኛ በሚመጣው መንገድ ላይ ነው። የእንጨት ምሰሶው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ያዘማል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ባሕር ዛፉ ሽቦው ላይ ይተኛል። መብረቁ ትራንስፎርመሩን ይመታል። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ የማይነካው ሽቦ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ደግነቱ መብራቱን ለምደነዋል። ሻማ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ስልክ ጄኔሬተር ያለው ፀጉር ቤት ወስዶ ቻርጅ ማድረግ አለ። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። መብራት ያልጠፋበት ሰው! እሱ ነው የጨረሰኝ።

እትዬ አጥር ለአጥር ነን። የእሳቸው ቤት በሌላ የመብራት መስመር (ፌዝ) ነው፣ የእኔ ሲጠፋ የእሳቸው ይበራል። «ታዲያ ሄደህ እሳቸው ጋ አታይም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ሄጃለሁ! እሳቸው ጋ ማየት ከመነገር አይሻልም። ካና በ2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ የማይከታተል ቤት ጥቂት ነው። ችግሩ፣ ድራማው በአማርኛ ተተርጉሞ እኛ ጋ ሲደርስ ቱርኮቹ ከጨረሱት ቆይተዋል። የእትዬ ልጅ ደግሞ ኢንተርኔት ባገኘች ቁጥር ዩቲዩብ ገብታ መጨረሻውን ፈልጋ ለእናቷ ትነግራለች። ስለዚህ እትዬ ድራማ የሚያዩት የሚያውቁት ነገር በትክክል መፈጸሙን ለማረጋገጥ ነው። «አሁን በሩን ያንኳኳል» ይላሉ። ያንኳኳል። «አሁን አባቷ ይሰማል» ይላሉ። ይሰማል። ሰው እንዴት እንደዚህ ሆኖ ድራማ ያያል?

ፍልሰታ ላይ ቡና ጠሩኝ። ገባሁ። አቦሉን ቀድተው ስኒዋን ወደ እኔ ገፋ አደረጓትና ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ።

«ትናንት ጠፋብህ አይደል?»

«ጠፋብኝ እትዬ። ግን እንዳይነግሩኝ፣ ዛሬ ሲደገም አየዋለሁ።»

«ኧረ እኔ ምን አገባኝ ልጄ! አልነግርህም።»

ዝም አሉ። እፍኝ ቆሎ ዘግነው ቆረጠሙ። ጀበናውን ከሰሉ ላይ መለሱት። ክዳኑን አስተካከሉ። ፊታቸውን ሳየው ሊፈነዱ ደርሰዋል።

«ብቻ ያ ፀጉረ ረዥሙን ልጅ እንዳትወደው።»

«እትዬ!»

«ምን አልኩ? አልነገርኩህም እኮ! እሱ ነው የገደላት አልልህም!»

ቶናውንም በረካውንም ጠጣሁ። ምን አደርጋለሁ? ማታ ድጋሚው ሲመጣ፣ በተአምር መብራቱም ድምፁም ተገጣጥሞልኝ፣ ያ ልጅ ፈገግ ባለ ቁጥር እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥሩ ሰው መስሎኝ የኖረ ልጅ ነበር።

«አልነግርህም ግን...» የሚሉት ሰዎች ፊት ለፊት ከሚናገሩት ይብሳሉ። «አልነግርህም ግን ታለቅሳለህ።» «አልነግርህም ግን እስከ መጨረሻው ታገስ።» «አልነግርህም ግን ያቺን የቤት ሠራተኛ በደንብ እያት።» ይሄ አለመንገር ነው እንዴ? የቤት ሠራተኛዋን ካየኋት በኋላ ሌላ ምን የማየው ነገር ቀረ?

ወደ ኳሱ እንሂድ። ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ምሽት 12፡30፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ከአርሰናል፣ ያውም በኦልድ ትራፎርድ፣ ያውም ሊጉ በተከፈተ ሰሞን። እኔ አርሰናል ነኝ (መሳቅ ይቻላል)። ቤቴን አላመንኩትም፣ ጄኔሬተር ያለው ኳስ ቤት ሄጄ ከፍዬ ገባሁ። ጭቃ በጭቃ የሆነ ጫማ፣ የረጠበ ጃኬት ሽታ፣ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀመጥን። 13ኛው ደቂቃ ላይ ኮርና አገኘን። ኳሱ ገና መሬት ላይ ነው። መቺያችን ራይስ ገና እጁን አላነሳም። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሌላ ኳስ ቤት «ጎ...ል!» የሚል ጩኸት መጣ። ቤቱ ሙሉ እርስ በርስ ተያየ። ግማሹ ማንቼ ነው፣ ፊቱ ከወዲሁ ጠቆረ። ከዚያ ራይስ መታው፣ በረኛው አልያዘውም፣ ካላፊዮሪ በጭንቅላቱ አስገባው። እኛም ጮህን፣ ግን የእኛ ጩኸት ዘግይቶ የደረሰ የልቅሶ ቤት ሰው ይመስል ነበር።

አንዱ ቤት በአንድ ዲሽ፣ ሌላው በሌላ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ነው የሚያሳየው። ምስሉ የሚመጣበት መንገድ ስለሚለያይ እኩል አይደርስም። በኢንተርኔት የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። በሬዲዮ የሚከታተለው ደግሞ ሁሉንም ሊቀድም ይችላል፣ እሱ ደግሞ ሁልጊዜ በራፉ ላይ ነው የሚቆመው፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። አሸነፍን። ጎሉን አላየሁትም አልልም። አይቼዋለሁ። ከማየቴ በፊት ግን አውቄዋለሁ፣ ደስታው ደግሞ ያችው ሰከንድ ላይ ነበር።

የእህቴ ልጅ ነገር ይለያል። አዲስ አበባ ነው ያለው፣ መብራትም ኢንተርኔትም ከእኛ ይሻለዋል። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ የወንዶች ማራቶን። በእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተጀመረ። ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው የገባው። መንገዱ ዳገት ነው። ታምራት ዳገቱ ላይ ሰዎቹን ጥሎ ሲወጣ መብራታችን ሄደ። ስልክ አነሳሁ፣ ደወልኩ፣ አይነሳም። ቆይቶ ራሱ ደወለ። «ጋሼ! ወርቅ! ወርቅ!» ብሎ ዘጋው። በቃ። ዘጋው! አሁን ነበር መንገር! እንዴት ሮጠ? ማን ተከተለው? ዳገቱን እንዴት ወጣው? 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ እንደሮጠና የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን እንደሆነ የሰማሁት ማታ ነው። ንገሩኝ ስል አይነግሩኝም፣ አትንገሩኝ ስል አፋቸው አይዘጋም።

ልብወለዱ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። መጽሐፍ መብራት አይፈልግም፣ ዝናብ አይረብሸውም፣ አይዘገይም ብዬ ዘንድሮ ተስፋዬን ሁሉ እሱ ላይ ጣልኩ። ወፍራም የወንጀል ልብወለድ ተዋስኩ። ገበያ ስሄድም ይዤው ነበር። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሽፋኑን አይቶ ፊቱ በራ። «ውይ! እሱን ነው የምታነበው? ግሩም ነው። ወንድምዬው መሆኑ ግን አይገርምም?» አለኝ። ገና አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ሰውዬው ቀጥሎ ወረደ። ሲወርድ የእኔንም ሒሳብ ከፈለልኝ። እስቲ አሁን ይሄን ሰው እንዴት ብዬ ልቆጣው? ብሩን ከፍሎ፣ «ሰላም ዋል ወንድሜ» ብሎ ሄደ። ወንድምዬው!

ይሄን ለጓደኛዬ ስነግረው ተፈላሰፈብኝ። «መጨረሻውን ብታውቅ ምን ይጎድልሃል? ፍቅር እስከ መቃብርን ስታነብ መጨረሻው ከርዕሱ አይታወቅም ነበር?» አለኝ። ማርቆስ ውስጥ ክርክር ሲጠፋ ሐዲስ አለማየሁ ይጠራሉ። እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱ የአገራችን ሰው ናቸውና ማንም ደፍሮ አይመልስም። እኔ ግን መለስኩለት። አዎ፣ ሐዲስ ርዕሱ ላይ ነግረውናል። በ1958 ዓ.ም. ታትሞ እስካሁን ይነበባል፣ መቃብሩ እንዳለ እያወቅን እናነባለን። ግን የነገሩን እሳቸው ናቸው። መጽሐፉ የእሳቸው ነው፣ መንገሩም የእሳቸው ሥልጣን ነው። ደግሞ መቃብሩን ብቻ ነግረውን «ደህና ዋሉ» ብለው ከባጃጅ አልወረዱም። ማንኩሳን፣ ዲማን፣ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት፣ የጉዱ ካሳን ነገር አንድ በአንድ አስይዘውን ነው የሄዱት። ወጋየሁ ንጋቱም በሬዲዮ ሲተርከው እንደዚያው ነው። ሰው መጽሐፉን ቀድሞ አንብቦትም ሬዲዮኑን ከቦ ያዳምጥ ነበር። የወጋየሁን ያህል መተረክ የሚችል ሰው ካለ ይምጣ፣ መጨረሻውንም መጀመሪያውንም ይንገረኝ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። እትዬ ግን «እሱ ነው የገደላት» ብቻ ነው ያላቸው።

ጓደኛዬ መልስ አጣና ስለ ድንች ዋጋ ማውራት ጀመረ።

ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር በቆሎ እሸት ነው። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል ሲመጣ መንገድ ዳር ከሰል ላይ ይጠበሳል፣ ትገዛለህ፣ እየተቃጠልክ ትበላለህ። «አልነግርህም ግን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጉድ አለ» የሚልህ የለም። የቡሄ ጅራፍም ሳይነገርህ ነው የሚያስደነግጥህ። እንግጫ ነቀላውም ደርሷል፣ ልጃገረዶቹ ሲዘፍኑ ሰምቻለሁ። እነዚህን «ምርጦቼ» ብዬ ልለጥፍ አልኩና ኢንተርኔቱ አልከፈትም አለኝ።

የድራማው አዲስ ክፍል መስከረም ላይ ይጀምራል ተብሏል። በዚህኛው ቆርጫለሁ። ሬዲዮ ይዞ በራፍ ላይ የሚቆም ሰው ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ባጃጅ ውስጥ መጽሐፌን በጋዜጣ እጠቀልላለሁ። ለእህቴ ልጅም ከአሁን ወዲያ ሲደውል ከሰላምታ ጀምሮ በዝርዝር እንዲያወራ ነግሬዋለሁ። የቀሩት እትዬ ብቻ ነበሩ። ለእንቁጣጣሽ ጠዋት ነጭ ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጥሩ ጋ ተገናኘን። ዓመት በዓል ነው፣ ቂም አይያዝም ብዬ ዝቅ ብዬ ሰላም አልኳቸው።

«እንኳን አደረሰዎ እትዬ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን ልጄ። ዘመኑ የሰላም፣ የጤና ያድርግልን።»

«አሜን።»

«ደግሞ አትዘን፣ ልጅቷ አልሞተችም እኮ።»