ለደብረ ብርሃን ብርድ ሂት ፓምፕ? መጀመሪያ ኮርኒሱን

የደብረ ብርሃን ብርድ ቀልድ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ ውርጭ ከጣለም ባቄላውን አቃጥሎት ያድራል። ሰው ታዲያ ምን ያድርግ? በር መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ከሰል ያነዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል።

ስለዚህ "ስዊድኖች ቤታቸውን በመሬት ሙቀት ያሞቃሉ፣ እኛስ?" የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ ሲመጣ ደስ ነው ያለኝ። መሣሪያው ሂት ፓምፕ ይባላል። ፍሪጅ ከውስጡ ሙቀት ስቦ በጀርባው እንደሚያስወጣው፣ ይሄኛው በተቀበረ ቱቦ ከአፈሩ ሙቀት ስቦ ቤት ውስጥ ይለቀዋል። በደንብ ከተገጠመ በ1 ኪሎዋት ሰዓት መብራት 3 ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል። ተራው ሂተር አንድ ለአንድ ነው።

መሬታችን ደግሞ ለዚህ ከስዊድን ይሻላል። ወረድ ሲሉ የአፈሩ ሙቀት ከአካባቢው የዓመት አማካይ ብዙም አይርቅም፤ ስቶክሆልም 7 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃን ግን 13 ገደማ ነው። እኛን የሚያንቀጠቅጠን የሌሊት ብርድ ነው እንጂ እንደነሱ ወራት የሚቆይ በረዶ ስላልሆነ፣ የቀንና የሌሊቱ ልዩነት ከአንድ ሜትር በታች እምብዛም አይሰማም። ግቢው ሰፊ ለሆነ ሰው ቱቦውን ለመቅበር ቦይ ይበቃዋል፣ ጥልቅ ጉድጓድ አያስፈልገውም። ድንጋዩ ካስቆፈረ ማለቴ ነው፣ የሰሜን ሸዋን ድንጋይ የቆፈረ ያውቀዋል።

ግን የመሬቱ ሙቀት ብቻውን ዋጋ የለውም። መሣሪያው የሚለፋው በመሬቱና ቤቱን ለማሞቅ በሚያወጣው ሙቅ ውሃ መካከል ላለው የሙቀት ልዩነት ነው። ወለል ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ 35 ዲግሪ ውሃ ከበቃ ሥራው ይቀለዋል፣ ሙቅ ውሃ ለሚዞርበት የግድግዳ ማሞቂያ (ራዲያተር) 55 ከተጠየቀ ግን ያ "3 ወይም 4" ቁልቁል ይወርዳል። ብሪታኒያ ውስጥ ኢነርጂ ሴቪንግ ትረስት የተባለ ድርጅት ሰው በሚኖርባቸው ቤቶች 83 ሂት ፓምፖችን ለክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱን ሲያወጣ ብዙዎቹ ከተጠበቀው በታች ነበሩ። አገጣጠሙና አጠቃቀሙ ነበር ትልቁ ችግር።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ ወይም አቡጀዲ፣ ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ማታ ሰው የተነፈሰው እርጥበት ቆርቆሮው ላይ ያድርና ሲነጋ ጠብ ጠብ ይላል። እዚህ ቤት ሂት ፓምፕ መግጠም ሙቀቱን ከመሬት አውጥቶ ለሰማይ መስጠት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሣሪያው ዝም ይላል፣ ሙቀት የማይዝ ቤት ያኔውኑ ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ወደ ከሰሉ ይመለሳል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው መጀመሪያ ክፍተቱን ይድፈን፣ ደህና ኮርኒስ ያሠራና ከላዩ ሙቀት የሚይዝ ነገር ይደልድልበት። ለተከራይማ ቦይ ቆፍር ማለት ግፍ ነው፣ ኮርኒሱን ማሠራት ያለበት አከራዩ ነው።

ይሞከር ከተባለ ሙቅ ውሃ በየቀኑ የሚፈልግ ቦታ ይሞከር፦ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ የተማሪዎች ማደሪያ። ለብቻው የመብራት ቆጣሪ፣ ለብቻው የሙቀት መለኪያ ይገጠምለት፣ ቁጥሩም በየወሩ ለከተማው ሰው ይነገረው።