ምስጋና ለ‹አደረገ›

የጎንደር ሊቃውንት ብዙ ደከሙ። ላይ ቤት፣ ታች ቤት ተባብለው አንዱን ቃል «አንድም… አንድም…» እያሉ ሲያመሰጥሩ ዘመን ፈጁ። የቅኔ ተማሪው ደግሞ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እያሯሯጠው፣ ግስ ሲያወርድ ኖረ። የግሱም አርእስት ስምንት ነው፤ ‹ቀተለ› ብሎ ይጀምራል፣ ‹ቀደሰ› እያለ ይቀጥላል። ምን አለፋቸው? የዛሬው የፒያሳ ወጣት ስምንቱንም በአንድ ጠቅልሎ ገላገለን። ‹አደረገ› አለና ጨረሰው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ትይዛለህ። የፈለግከውን። ትርጉሙን ማወቅ አይጠበቅብህም፤ እንዲያውም ባታውቀው ይመረጣል፣ ሐሳብህን አያጠብብህም። ከኋላው ‹አደረገ›ን ትቀጥላለህ። አለቀ፣ ተምረሃል። ዲስከስ አደረግን። ሪማይንድ አድርጊኝ። ኮንፈርም ላድርግልህ። «ተወያየን» ያለ ሰው ያው ወሬ ያወራ ነው የሚመስለው፤ ዲስከስ ያደረገ ግን ቁም ነገር ላይ ነበር።

‹ሚስ›ን ውሰዱ። ከአዘዞ የሚመጣው ሚኒባስ ያመለጠው ልጅ «ሚስ አደረግኩት» ይላል። ደባርቅ ያለች እናቱ ስትናፍቀውም «ሚስ አድርጌያታለሁ» ይላል። እንግሊዞቹ ለሁለቱም ያላቸው ይኸው አንድ ግስ ነው፣ አይፈረድባቸውም፣ የሌላቸውን ከየት ያምጡ? እኛ ግን ‹አመለጠኝ› እና ‹ናፈቀኝ› ብለን የምንለያይ አድሏዊ ሰዎች ነበርን። ዛሬ እናትና ሚኒባስ እኩል ሆነዋል።

ገንዘብ ላይ ስንደርስ ጥበቡ ይረቅቃል። በእንግሊዝኛ ባሮው የሚያደርገው ተቀባዩ ነው፤ ሰጪው ሌንድ ያደርጋል። አራዳ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ግን እንዲህ ሲባል ሰማሁ። ልጁ ደንበኛ ነው፤ የቆየ ዱቤም አለበት።

«ጋሼ፣ እንደው አምስት መቶ ብር ባሮው ያድርጉኝ?»

ባለ ሱቁ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። መሳቢያውን ቀስ ብለው ዘጉና እጃቸውን ዘረጉ።

«እሺ ልጄ፣ ካልክ እበደርሃለሁ። አምጣ።»

በነገራችን ላይ እንግሊዝኛው እዚህ ጋ ከእኛ ይደኸያል። ለእነሱ ብርም ወንፊትም ያው ባሮው ናቸው። እኛ ብርና ጤፍ እንበደራለን፣ ወንፊትና ምጣድ እንዋሳለን። የተበደርከውን በልተህ ሌላ ትመልሳለህ፤ የተዋስከውን ግን ራሱን ዕቃውን ነው የምትመልሰው። ጎረቤት ለጎረቤት በዚህች ልዩነት ተከባብሮ ኖሯል። ምጣድ ባሮው ያደረገ ሰው ግን ያንኑ ይመልስ ሌላ ይግዛ ግልጽ ስላልሆነ፣ ዝም ብሎ ቢጋግርበት ማን ይናገረዋል?

ከሁሉም የማደንቀው ወጥ ቤት የገባውን ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ለዓመት በዓል ወደ ቤት መጥታ እናቷን ልታግዝ ተነሳች።

«እማዬ፣ ካት ላድርገው?»

«የቱን?»

«እ… ይሄን ሁሉ።»

«ሽንኩርቱን ክተፊው። ዳቦውን ቁረሺው። ሥጋውን ለቋንጣ ዘልዝይው። ካት የሚባለውን ግን አልገዛሁም።»

እናትየው ኋላ ቀር መሆናቸው ነው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ለሽንኩርቱ ቾፕ፣ ለዳቦው ስላይስ፣ ተጠብሶ ለቀረበ ሥጋ ካርቭ እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች ናቸው። ልጅቷ ሁለት ቋንቋ እያላት በአንድ ግስ ብቻ ወጥ ቤት መግባቷ ቁጠባ ነው። የኑሮ ውድነቱን አይታችሁ ፍረዱ።

ስብሰባም ያለ ‹አደረገ› አይጀመርም። በአንድ ሰፈር ኮሚቴው ስለ ኮብልስቶን ጥገና ሰው ጠርቶ ነበር። ፕላስቲክ ወንበር፣ የታሸገ ውኃ፣ የሚያፏጭ ማይክ፣ ሁሉም ተሟልቷል። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የመንገዱን ጥገና ኢንሹር እናደርጋለን» አሉ። ተጨበጨበ።

እንግሊዝኛ ውስጥ ለጆሮ የሚመሳሰሉ ሦስት ግሶች አሉ። አሹር ሰውን «አይዞህ፣ አትስጋ» ብሎ በቃል ማሳመን ነው። ኤንሹር ነገሩ በእርግጥ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። ኢንሹር ደግሞ በተለምዶ የመድን ነው፤ ለመኪና፣ ለቤት፣ ለሕይወት። ሰብሳቢው የትኛውን እንዳሉ ማይኩ አልለየውም። እኔ ግን ከከረምን በኋላ ጉድጓዱን አይቼ ፈረድኩ፤ አሹር ነበር። ለእግራችን ሲባል ኢንሹር ቢሆንም አልጠላሁ።

የዚያን ቀን አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ታዲያ መቼ ይሠራል?» አሉ።

«እናቴ፣ እሱን ገና ዲስከስ እያደረግንበት ነው።»

«እሰይ፣ ተባረክ» ብለው ተቀመጡ። ሥራው የተጀመረ መስሏቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኛል። የሚበጀንን ግስ ሳንነካው ትተነዋል። እኛ ፊልምም ‹እናያለን›፣ ሰውም ‹እናያለን›፣ ሕልምም ‹እናያለን›። ‹ተመለከተ› አለ፤ ግን ዜና አንባቢ ካልሆነ የሚያስታውሰው የለም። እንግሊዞቹ ይለያሉ፤ ሳታስበው ዓይንህ የገባውን ሲ፣ ሆን ብለህ ዓይንህን ስትጥልበት ሉክ፣ የሚንቀሳቀስ ወይም የሚለወጥ ነገር ስትከታተል ዋች። ይህን ነበር መዋስ! ይቅርታ፣ ባሮው ማድረግ። ፋሲል ግቢ ውስጥ አንድ ልጅ ፈረንጆቹን ይዞ ወደ ግንቡ እየጠቆመ «ዋች ዘ ካስል!» አላቸው። ፈረንጆቹ ጨዋ ናቸው፣ ቆመው ጠበቁ። ካሜራም አወጡ። ግንቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ አላለም።

ይኸው ልጅ ማታ ላይ ቀናው። ፈረንጁ «ና እራት አብረን እንብላ» ሲል በ‹ኢንቫይት› ጠራው። በእኛ አገር ደግሞ ‹ልጋብዝህ› ያለ ሰው ኪሱን ዳብሶ ነው የሚናገረው። በእንግሊዝኛ ኢንቫይት ዋናው ነገሩ ‹ና› ማለት ነው፤ እኔ እከፍላለሁ ለማለት ትሪት የሚባል ሌላ ግስ አላቸው። ልጁ ይህን በምን ይወቅ? ክትፎ አዘዘ፣ ደገመ። ቢራውንም አልተወው። ሂሳቡ መጣ። ፈረንጁ መነጽሩን አድርጎ አነበበና የራሱን ግማሽ ቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ፈገግም አለ።

ልጁ ወደ በረንዳው ወጥቶ ለጓደኛው ደወለ።

«ወንድሜ፣ በቴሌብር አንድ ሺህ ብር ሴንድ አድርግልኝ። በአስቸኳይ!»

«እንዴ፣ ፈረንጁ ኢንቫይት አድርጎኛል አላልክም?»

«አድርጎኛል ባክህ። ወንበሩን ነው።»