«ደራሲ አይሰለጥንም» ማለት፣ ያውም ጎንደር ላይ

ሰሞኑን የአንድ አዳራሽ ኃላፊ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብበትን የልብ ወለድ አጻጻፍ ስልጠና አስወጡት። ቦታው ለቁም ነገር ስብሰባ ይፈለጋል አሉ። በዚህ ቢያበቁ ዝም እል ነበር፤ አዳራሽ የሌለው ሰው ደጅ መጥናት ይለምዳል። እሳቸው ግን ምክር ጨመሩበት፦ ደራሲ ይወለዳል እንጂ አይሰለጥንም፤ ሐዲስ ዓለማየሁን ማን አሰለጠናቸው?

ምነው ሌላ ስም በጠሩ! ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ቅኔ ቤት ስልጠና ካልሆነ ደግሞ ስልጠና የሚባል ነገር በምድር ላይ የለም። ተማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባል አጭር ቅኔ ይጀምራል። ጥጉን ይዞ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ያወጣል፣ ያወርዳል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያቃኑለታል፤ ካልሆነም እንደገና እንዲቆጥር ይመልሱታል። ጓደኞቹም ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ሲሰበርበት ይታዘቡታል። ከሁለት ቤት ተነስቶ ስምንት ቤት ካለው መወድስ የሚደርሰው በዚህ አበሳ ነው። «ተሰጥኦ ካለህ ቤትህ ተቀመጥ» ብሎ ተማሪ የሚያሰናብት የቅኔ መምህር አለ? ያ ቤት ባይኖር የሐዲስ ዓለማየሁ አማርኛ አይኖርም ነበር፤ በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። በቅኔ ትምህርት ስማቸው የተጠራው ዋሸራና ዋድላ ናቸው፣ ጎንደር ምን አገባት የሚለኝም ይኖር ይሆናል። ጎንደርማ በበአታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋም፣ የማኅሌቱን ዜማና እንቅስቃሴ፣ የምታስመሰክር ከተማ ናት። እግርና መቋሚያ እንኳ ያለ መምህር የማይነሳባት ከተማ ብዕሩን ለዕድል ትተወው?

ከሁለት ወር በፊት እዚያው አዳራሽ አምስት ገጽ ታሪክ አነበብኩ። ሰውየዬ የእናቱን ማረፍ ሳያውቅ ከፒያሳ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ አዘዞ ይወርዳል። እኔ እንባ እየተናነቀኝ ነው የማነበው። ከመካከላችን ባጃጅ የሚነዳ ልጅ እጁን አወጣና «ሂሳብ ሳይከፍል ነው የወረደው» አለ። ሳቁ ሳምንት ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ተናደድኩ፤ ከዚያ ሰውየውን አስከፈልኩት። ኪሱን ሲዳብስ ያገኘው ድፍን ሁለት መቶ ብር ነው፤ ሾፌሩ ዘርዝሮ እስኪመጣ ቆሞ ሲጠብቅ ከግቢው ልቅሶ ሰማ። እስከዚያ ድረስ የጻፍኩት ለካ ታሪክ አልነበረም። ይህን የትኛው ተሰጥኦ ይነግረኝ ነበር?

ስልጠናው ጣጣ የለውም አልልም። እርስ በርሱ የሚሞጋገስ አለ፤ የሰውን ታሪክ ሁሉ ወደ ራሱ ታሪክ የሚጠመዝዝ አለ፤ ለምስክር ወረቀት ብቻ የሚመጣም አይጠፋም። ከሁላችንም የተሻለ የምትጽፍ አንዲት ልጅ ከአንድ ክፉ አስተያየት በኋላ አልተመለሰችም፤ ዝም ብዬ በመስማቴ እስካሁን ይቆጨኛል። ኃላፊው ይህን አንስተው ቢወቅሱን አፌን ይዘጉት ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ገብተው አልሰሙንም።

አሁን የምናነበው ሻይ ቤት ነው። ቀጣዩ ታሪክ ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ሌላ ሻይ ማዘዝ አለበት። ባለፈው ቅዳሜ ወደዚያ ስሄድ በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። በሩ ተቆልፏል። በመስኮት ሳይ ወንበሮቹ እኛ እንደተውናቸው ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ የቁም ነገሩ ስብሰባ ገና አልመጣም።