«በ15 ደቂቃ የሚደርስ» የባህር ምግብ ፓስታ? ለማን ነው የሚደርሰው?

እኔ የምለው፣ በቪዲዮ «በ15 ደቂቃ ይደርሳል» እያሉ ምግብ አሠራር ለሚያሳዩን ሰዎች ይሄን ሰዓት የሚቆጥርላቸው ማን ነው? ቪዲዮው ሲጀምር ሽሪምፑ (ያ ባለ ቅርፊቱ ትንሽ የባህር እንስሳ) ቀልጦ፣ ተልጦ፣ ጸድቶ ሳህን ላይ ተደርድሯል። ነጭ ሽንኩርቱ ተከትፏል። የፓስታው ውሃ ሳይቀር ፈልቷል። ከዚያ ሰውዬው እጁን እያፋተገ «በሉ እንጀምር» ይላል። ኧረ ወንድሜ፣ ሥራው እኮ አልቋል!

የኛ ሽሪምፕ ከፍሪዘር የሚወጣው እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ ድንጋይ ሆኖ ነው። በወጉ ይቅለጥ ከተባለ ማታውኑ ፍሪጅ ውስጥ ማሳደር ነው። ከቸኮላችሁ ደግሞ በላስቲክ ቋጥሮ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል መዘፍዘፍ። (በሙቅ ውሃ የሚሉትን አትስሟቸው፣ ላዩ መብሰል ሲጀምር መሃሉ ገና በረዶ ነው።) በረዶው ሲራገፍ ደግሞ ያ ሙሉ የመሰለው ከረጢት ጉዱ ይወጣል። ከዚያ ቅርፊቱን መላጥ። ከዚያ ጀርባውን ሰንጥቆ ያንን ጥቁር ክር፣ ማለትም አንጀቱን፣ እያንዳንዱ ላይ ጎንበስ ብሎ ማውጣት። ከዚያ ማድረቅ፣ ምክንያቱም እርጥብ ሽሪምፕ መጥበሻ ላይ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም።

ይሄን ሁሉ እሺ ብዬ ልቻለው። ደሜን የሚያፈላው «የባህር ምግቡን በሙሉ ጨምሩና 8 ደቂቃ አብስሉ» የሚለው ነው። በሙሉ? ሽሪምፕ እኮ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሮዝ ሆኖ ትንሽ ጎበጥ ካለ አለቀ፣ ክብ ሆኖ ከተጠቀለለ አልፎበታል። ስኩዊድ (ያ ቅርፊት የሌለው፣ ባለ ብዙ ክንዱ የባህር እንስሳ) ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጠባይ ነው ያለው፦ ወይ በ2 ደቂቃ ውስጥ ታወጡታላችሁ፣ ወይ በዝግታ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ታበስሉታላችሁ፣ መሃል ላይ ከያዛችሁት ማስቲካ ነው። በቅርፊቱ ያለው ሙሰል (በሁለት ገጣጣሚ ቅርፊት ውስጥ የሚኖረው የባህር እንስሳ) ደግሞ ቅርፊቱ ሲከፈት ነው ከእሳት የሚወጣው፣ ሰዓት አያውቅም። ሦስት ዓይነት ፍጥረት አንድ ላይ ዘርግፎ 8 ደቂቃ ማለት ምን ማለት ነው? ያ የባህር ምግቡ ተደባልቆ የሚሸጥበት እሽግ ደግሞ ቀድሞ የበሰለ ከሆነ ማሞቅ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ እሱን ግን የሚጽፉት ከማሸጊያው ጀርባ፣ በጉንዳን ፊደል።

የፓስታውንም ውሃ ልቅም አድርገው ይደፉታል። ስጎ የሚያወፍረው ስታርች እኮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው! አንድ ጭልፋ አስቀርቶ መጥበሻው ላይ ከዘይቱ ጋር ቢያማቱት ስጎው ራሱ ይወፍራል። እነሱ ግን ደረቀ ብለው ክሬም ይገለብጡበታል።

ቅርፊቱ ደግሞ ቀጥታ ቆሻሻ ቅርጫት። ያ የሽሪምፕ ቅርፊትና ጭንቅላት በዘይት ጠበስ ተደርጎ፣ ትንሽ ውሃ ተጨምሮበት 20 ደቂቃ ቢንተከተክ የምግቡ ጣዕም በሙሉ ከዚያ ነው የሚወጣው። እሱን ጥለው ሲያበቁ ምን ቢሉን ጥሩ ነው? «ጣዕም እንዲሰጠው አንድ ፍሬ የሾርባ ኩብ ጨምሩበት»!