ኪኒኔን ለመሥሪያ ቤቴ ልናገር?

ጅማ ውስጥ ቡና እያዘጋጀ ወደ አዲስ አበባ የሚያጓጉዝ አንድ ድርጅት በቅርቡ ማስታወቂያ ለጠፈ። ማንኛውም ሠራተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ስም፣ መጠኑንና የሚወስድበትን ምክንያት ፎርም ላይ ሞልቶ ለሰው ሀብት ክፍል ያስገባ ይላል። ሹፌሩም፣ ቡና ለቃሚዋም፣ ጥበቃውም። ያላስገባ በዲሲፕሊን ይጠየቃል። የድርጅቱ የስምሪት ኃላፊና በከተማዋ አንድ ፋርማሲ የምትሠራ ፋርማሲስት በዚህ ጉዳይ ተጻጽፈዋል።

የስምሪት ኃላፊው፦

ፎርሙ እንዲወጣ ከጠየቁት አንዱ እኔ ነኝ። ስለዚህ ስድቡ ለእኔም ይድረሰኝ። ሰሞኑን ሻይ ቤት ውስጥ "የጨጓራዬ ኪኒን እሱን ምን አገባው?" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ቢሮ ከመግባቴ በፊት 18 ዓመት መሪ ይዣለሁ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን የሚያውቀው ያውቀዋል። ሰኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ መውረድ ሲጀመር ሙቀቱ ብቻውን ያስተኛል። አንድ ቀን ቡና ጭኜ እዚያው ቁልቁለት ላይ ዓይኔ ተከደነ። ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም። ረዳቴ መሪውን ባይጠመዝዘው ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍላችሁ ሌላ ሰው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ኪኒን ውጬ ነው የወጣሁት። የጠየቀኝ የለም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም።

የሚያስተኛ መድኃኒት አለ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ያስተኛል። ለከባድ ሕመም የሚታዘዘው ትራማዶል ያፈዛል። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ምግብ ከዘለለ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ይህን ዶክተሯ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እኔ ደግሞ ሰላሳ ቶን የያዘ መኪና ለማን እንደምሰጥ ማወቅ አለብኝ።

ሕጉም ቢሆን አይቃወመኝም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው በቂ ምክንያት ኖሮት የጤና ምርመራ ሲጠይቅ ሠራተኛው እምቢ ማለት አይችልም። ምርመራ መጠየቅ ከተፈቀደ የኪኒን ስም መጠየቅ ምኑ ነው ነውሩ? አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ያሉት ወደው አይደለም።

ፋርማሲስቷ፦

ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ። ረዳትዎንም ፈጣሪ ይስጠው። በነገራችን ላይ ዶክተር አይደለሁም። ጅማ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ ለምጄዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያን ቀን የዋጡት ኪኒን ምን ነበር? ሐኪም ያዘዘልዎ ነው? መልስዎን እጠብቃለሁ።

ተረቱ ግን ለሐኪም የተነገረ ነው። ለሰው ሀብት ኃላፊ የነገረ መድኃኒት ያገኛል የሚል ተረት እኔ አልሰማሁም።

አዋጁንም እዚያው ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ቢቀጥሉት ጥሩ ነበር። የኤች አይ ቪ ምርመራ ከዚህ ግዴታ ውጭ ነው ይላል። ሕግ አውጪው ይህን ያለው በከንቱ አይደለም። የእርስዎ ፎርም ግን በፊት ለፊት የተዘጋውን በጓሮ በር ያስገባዋል። የኪኒኑን ስም የጻፈ ሰው የበሽታውን ስም ጻፈ ማለት ነው። ቴኖፎቪርና ዶሉቴግራቪር የሚባሉትን የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የጻፈ ሠራተኛ ሌላ ምን ቀረው? የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነውን ሪፋምፒሲን ከጻፈስ? ሰውዬው ሳል ባይኖረውም በማግሥቱ ከጎኑ የሚቀመጥ አይገኝም።

ማታ ማታ፣ ልንዘጋ ስንል የምትመጣ አንዲት ደንበኛ አለችኝ። ኪኒኗን ከዕቃው አውጥቼ ስም በሌለው ፌስታል እንዳደርግላት ትለምነኛለች። ዕቃው ቦርሳዋ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ይንሿሿል፤ እሱ እንኳ ያስፈራታል። የምትሠራውን ሥራ አልነግርዎትም። ከተማዋ ትንሽ ናት። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቡና ላይ የተወራ ነገር እግርዎ እዚሁ ጅማ መርካቶ ሳይረግጥ ቀድሞዎት ይደርሳል። ታዲያ ይህቺ ሴት ፎርሙ ሲሰጣት ምን የምታደርግ ይመስልዎታል? ወይ ትዋሻለች፣ ወይ መድኃኒቱን ታቆማለች። ቡና ለቃሚ ብትሆንስ? ቁጭ ብላ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ለምትለይ ሴት የእርስዎ የጊቤ ቁልቁለት የት ነው ያለው?

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ አስገብቶታል። የእናንተ ፎርም የሚቀመጥበት ቁምሳጥን ቁልፍ ስንት ሰው እጅ ነው ያለው? በአሜሪካ እንኳ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ አሠሪ ሁሉንም ሠራተኛ በጅምላ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብሎ መጠየቅ አይችልም። የሰው ሕይወት በእጁ ያለ ሠራተኛ ሲሆን ብቻ ነው ጥያቄው የሚፈቀደው፣ እሱም በልክ።

የስምሪት ኃላፊው፦

ጠይቀዋልና እውነቱን ልናገር። ለጉንፋን ብዬ በራሴ የገዛሁት ነው። ሐኪም ፊት አልቀረብኩም። እዚህ ላይ ረትተውኛል፤ የእኛ ፎርም ያን ቀን እኔን አይዘኝም ነበር።

ለቃሚዎቹንም እተዋለሁ። ሁሉም ይሙላ ያልነው አድሎ እንዳይመስል ብለን ነበር። ሹፌርና ፎርክሊፍት ነጂ ላይ ግን አልነቃነቅም። ይኸው የእርስዎው አሜሪካም ለእነሱ በሩን ከፍቶታል። አብራሪም ብቁ ነህ የሚል የጤና ምስክር ወረቀት የሚያገኘው የሚወስደውን መድኃኒት ተናግሮ ነው። ሲኖትራክ ምን ያንሰዋል?

እስቲ ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ፌኖባርቢታል በየወሩ ከእርስዎ ፋርማሲ የሚወስድ ሰው አለ። ሹፌር እንደሆነ ያውቃሉ። ሰጥተውት ሲያበቁ ወደ መኪናው ሲገባ ቆመው ያያሉ? ምስጢር ነው ብለው? ነገ መንገድ ላይ ያሉት ልጆች ምስጢሩን አያውቁትም።

ፋርማሲስቷ፦

ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ አልዋሽዎትም።

ዝም አልልም። ለራሱ እነግረዋለሁ፣ ደጋግሜ። ላዘዘለት ሐኪም እነግራለሁ። ለአለቃው ግን አልደውልም። ከደወልኩ እሱ ወደ እኔ አይመለስም፤ ዘመዶቹም፣ ጎረቤቶቹም አይመጡም። መንዳቱን ግን አይተውም። ደግሞ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ብሶ ይመለስበታል። ፎርሙን ፈርቶ ያቆመው ሰው ከሚወስደው ይልቅ ያስፈራኛል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ሹፌሩን ሐኪም ጋ ላኩት። ሐኪሙ አንድ መስመር ይጻፍ። "ለማሽከርከር ብቁ ነው" ወይም "ለሁለት ሳምንት መሪ አይያዝ"። በቃ። የበሽታ ስም የለ፣ የኪኒን ስም የለ። እርስዎ ለስምሪት የሚያስፈልግዎ እኮ ይኸው ነው። ክሎርፌኒራሚን ምን እንደሆነ ማወቅ ምን ያደርግልዎታል? የጉንፋኑ ኪኒንዎ ምናልባት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ያስተኛል፤ ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

ሐኪም ያላዘዘው ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ ጅማ ላይ ቁጭ ብለን ስለ እንቅልፍና ንቃት ስናወራ ጫትን ረስተን ነው? ሌሊቱን መርቅኖ አድሮ ጠዋት ጋቢና የሚገባውን የትኛው ፎርም ይዞት ያውቃል?

የስምሪት ኃላፊው፦

ጫቱን አያንሱብኝ፣ ግማሹ ጋራዥ ይፈታል።

የሐኪም ወረቀት ያሉት ግን... እህቴ፣ እኔ ዴስክ ላይ ስንት የሐኪም ወረቀት አልፏል! የወንድሙ ሰርግ በዋለበት ሳምንት ልክ አምስት ቀን ወገቡን የታመመ አይቻለሁ። "ብቁ ነው" የሚለው ወረቀትም እንደዚያው የማይመጣበት ምክንያት የለም። የኪኒኑን ስም ካየሁ ቢያንስ ሌላ ሐኪም እጠይቃለሁ።

ብቁ አይደለህም የተባለውም ሜዳ ላይ አይጣልም። የሕመም ፈቃድ አለ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ሁለት ወር ግማሽ ይከፈለዋል። ሕጉ አስቦበታል።

ፋርማሲስቷ፦

ስለ ደመወዙ ልክ ነዎት። አበሉስ? ውሎ አበል ደመወዝ ውስጥ አይቆጠርም። ሹፌር የሚኖረው በየትኛው እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሁለት ሳምንት መሪ አትያዝ የተባለ ሰው ስንት ጉዞ ይቀርበታል? ለሚናገረው ሰው ድርጅቱ ይህን ይክፈልና ፎርምም ወረቀትም ሳያስፈልግ ራሱ መጥቶ ይነግርዎታል። ካልከፈለ አሥር ፎርም ይለጥፉ።

የስምሪት ኃላፊው፦

ያን ቀን ወደ ጊቤ የወረድኩት ለአበሉ ነበር። አሞኛል ብል ተራዬ ለሌላ ይሰጥ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚከፈልበት ሰሞን ነበር። በመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን አላነሳሁትም።

ፎርሙን ከሰሌዳው አላወረድኩም። "የመድኃኒቱ ስም" እና "ምክንያት" የሚሉትን ዓምዶች ግን ሰርዤ፣ ከሹፌርና ከማሽን ነጂ ውጭ ያሉትንም አውጥቼ ለሥራ አስኪያጁ አቅርቤያለሁ። የአበሉን ጥያቄ ከሥሩ ጨመርኩበት። ዓምዶቹን ወዲያው እሺ አለ። ስለ አበሉ "ሰኞ እንነጋገራለን" ብሎኛል።